ከጩታ እስከ ማዘጋጃ ቤት፦ የመጀመሪያዎቹ የቴሌቪዥን ሰዎችና የወለጋው ሰለሞን ዴሬሳ

ሰለሞን ዴሬሳ በፈረንጆች 1937 ወለጋ ውስጥ ጩታ በምትባል መንደር ተወለደ። ዘመኑ ለወለጋ የጭንቅ ዘመን ነበር። አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በሰኔ 1928 ዓ.ም.፣ የሆለታ ዕጩ መኮንኖች የነበሩባቸው የጥቁር አንበሳ አርበኞች ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች ሌሊት ከበው አቃጥለዋል፤ ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ አብረውት የመጡትን መኮንኖች ገድለዋል። ጣሊያን ደግሞ የዚህን ብድር ለመመለስ አልሰነፈም። ሰለሞን የተወለደው ይህ ገና ትኩስ ሳለ ነው።

ከቦነያው ጥቃት ጥቂት ወራት በኋላ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ለንደን ላይ አሌክሳንድራ ፓላስ ከሚባለው ሕንፃ የቢቢሲ የቴሌቪዥን ጣቢያ መደበኛ ስርጭቱን ጀመረ። ጥቅምት 23 አዲስ አበባ የዘውድ በዓል የሚከበርባት ቀን ነበረች፤ ያን ዓመት ግን ንጉሠ ነገሥቱ በዓሉን ያሳለፉት በስደት፣ እዚያው እንግሊዝ አገር ነው። ከ28 ዓመት በኋላ ይህችው ቀን የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የልደት ቀን ሆነች። የጩታው ልጅም አድጎ፣ ተምሮና ባሕር ማዶ ኖሮ ሲመለስ በአገሩ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ውስጥ የፕሮግራም ኃላፊነት ከያዙት ሰዎች አንዱ ለመሆን በቃ። ዛሬ ሰለሞንን የሚያውቀው ሁሉ በግጥሙ ነው የሚያውቀው። የሥራ ታሪኩ ግን የዚያን ትውልድ የቴሌቪዥን ሰዎች ታሪክም ይዟል፤ ከየጠቅላይ ግዛቱ መጥተው ለአንዲት ከተማ ብቻ የሚታይ ነገር ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው።

የቴሌቪዥን ዳይሬክተርነት ራሱ ያኔ ገና ለጋ ሙያ ነበር። በቴሌቪዥን የታየው የመጀመሪያ ድራማ የሚባለው «የንግሥቲቱ መልእክተኛ» በፈረንጆች መስከረም 1928 አሜሪካ ውስጥ ስከነክተዲ በተባለች ከተማ ተላለፈ። ዳይሬክተሩ ሞርቲመር ስቱዋርት ሦስት ካሜራ ነበረው። ካሜራዎቹ አይንቀሳቀሱም፤ አንዱ የሚይዘው ከአንድ ሰው ፊት አያልፍም። ስለዚህ ሁለት ተዋንያን ፊታቸውንና ድምፃቸውን ሰጡ፤ ሌሎች ሁለት ሰዎች ደግሞ ጽዋ የሚያነሱና ሽጉጥ የሚይዙ እጆች ሆነው ሠሩ። ስቱዋርት ሳጥን በሚያህል መቆጣጠሪያ ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው እየቀየረ ፊትና እጅን ያጋጥማል። ሙያው የተወለደው በዚህ ብልሃት ነው፤ ዳይሬክተሩ ተመልካቹ በዚያች ሰከንድ ምን እንደሚያይ ይወስናል፤ ከወሰነ በኋላ ደግሞ መመለሻ የለውም።

ወደ አፍሪካ ሲመጣ ነገሩ ፈጠነ። ምዕራብ ናይጄሪያ ኢባዳን ላይ በጥቅምት 1952 ዓ.ም. ጣቢያ ከፍታ «በአፍሪካ አንደኛ» የሚል መፈክር ያዘች። ኬንያ በ1962 እ.ኤ.አ. ተከተለች። ኢትዮጵያ ከእንግሊዙ የቶምሰን ቴሌቪዥን ኩባንያ ጋር ተዋውላ፣ መሣሪያ አስመጥታና ሰው አስሠልጥና ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ጀመረች። ስቱዲዮው የተቀመጠው ያኔ አዲስ በነበረው የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነው፤ የአፍሪካ አዳራሽን የነደፈው ጣሊያናዊው አርቱሮ ሜዜዲሚ የሠራው፣ ከፒያሳ በላይ ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ ሕንፃ። የቀኑ አመራረጥ የቤተ መንግሥቱን ልማድ የተከተለ ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ቤትም በ1948 ዓ.ም. የተመረቀው ለዘውዱ 25ኛ ዓመት ኢዮቤልዩ ነበር። ትልቅ ነገር ሲከፈት የዘውድ በዓል እንዲጠብቅ ይደረጋል፤ መሐንዲሶቹ ስንቱን ሌሊት ሳይተኙ እንዳደሩ ግን በምርቃቱ ንግግር አይነገርም።

ስርጭቱ በማታ ለጥቂት ሰዓት፣ በጥቁርና ነጭ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነበር። ከውጭ የመጣ ፊልም ብዙውን ሰዓት ይሞላል። አገር ውስጥ የሚሠራው ዜና፣ ቃለ መጠይቅ፣ ዘፈን፣ ድራማና የልጆች ፕሮግራም ነው። ማሠራጫው አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ይሸፍናል፤ ከዚያ ወዲያ አይደርስም። ከዜና አንባቢዎቹ ቀዳሚዎች አንዱ ሳሙኤል ፈረንጅ ነበሩ። በከተማው ውስጥ መልካቸው እንደ ባለሥልጣን መልክ ታወቀ፤ ነቀምቴ ገበያ ቢገቡ ግን ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም ነበር።

ያኔ የአንድ ዳይሬክተር ማታ ምን ይመስል እንደነበር ለመረዳት የቴፕን ዋጋ ማወቅ ይበቃል። አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጆች 1956 የምስል መቅጃ ማሽን ለገበያ ሲያቀርብ አንዱን ከ45 ሺህ ዶላር በላይ ይሸጥ ነበር። ቴፑም ራሱ ውድ ስለሆነ ሀብታሙ ቢቢሲ ሳይቀር የቀዳውን እየደመሰሰ በላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበት ነበር። በዚያ ዘመን በየአገሩ ያሉ አነስተኛ ጣቢያዎች በቀጥታ ስርጭት የኖሩት ለዚህ ነው። ዳይሬክተሩ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ በትንንሽ ስክሪኖች ፊት ይቀመጣል፤ በጆሮ ማዳመጫው ለካሜራማኖቹ ያዛል፤ ከመስተዋቱ ባሻገር አንድ ሰው በእጅ ምልክት ለተዋናዩ «ጀምር» ይለዋል። ተዋናዩ ቃሉን ቢረሳ፣ መጋረጃው ቢወድቅ፣ መብራቱ ብልጭ ብሎ ቢጠፋ ተመልካቹ እኩል ያየዋል። በማግስቱ የሚቀረው የሰዎች ትዝታ ብቻ ነው። በዚያ መንገድ የሠሩት ሰዎች በስም ቢታወሱም በሥራቸው የማይታወሱት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ፈረንጅ አገርም ቢሆን የ1930ዎቹ ዳይሬክተሮች ዕጣ ይኸው ነበር።

የአዲስ አበባዎቹ የቴሌቪዥን ሰዎች ሙያውን ያመጡት ከሌላ ቤት ነው። የቴሌቪዥን ትምህርት ቤት አገር ውስጥ አልነበረም፤ ቴአትር ቤት ግን ነበር፤ ሬዲዮ ነበር፤ ገጣሚዎችም ነበሩ። ከቴአትር ቤት የመጣውን ወገን በአንድ ሰው ለማየት ከአባባ ተስፋዬ የተሻለ የለም።

ተስፋዬ ሣህሉ በሰኔ 1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተወለዱ። አዲስ አበባ መጥተው መድረክ ላይ ሲወጡ ሴት ተዋናይ ገና አልነበረችምና የሴት ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው ይጫወቱ ነበር። ክራር ይመታሉ፤ ይዘፍናሉ፤ ምትሃት ያሳያሉ። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲዘምት ወታደሩን ለማዝናናት አብረው ተጓዙ። ከዚያ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ዓመታት ሠሩ። ቴሌቪዥኑ ሲከፈት «ለልጆች የሚሆን ነገር የለም» ብለው በ1957 ዓ.ም. የልጆች ፕሮግራም ጀመሩ፤ እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስም 42 ዓመት አስኬዱት። ንጉሥ ወረደ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ እሳቸው «ልጆች» እያሉ ተረት ይነግሩ ነበር።

በሥራ ክፍፍል ዓይን ሲታይ ተስፋዬ ሣህሉ አቅራቢ ይባላሉ። በሥራው ግን ተረቱን መርጠው የሚያሰናዱት፣ ልጆቹን ዙሪያቸውን አስቀምጠው ማን መቼ እንደሚናገር የሚመሩት፣ ድምፃቸውን ለጅብም ለአንበሳም የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ካሜራው ከእሳቸው ፊት አይነቃነቅም፤ መነቃነቅም አላስፈለገውም። የመድረክ ሰው ከሩቅ የተቀመጠ ተመልካች እንዲያየው እጁን ያወናጭፋል፤ ቴሌቪዥን ደግሞ ያንን ያጋንነዋል። ተስፋዬ ይህን ቶሎ ገባቸው፤ ቅንድባቸውን ከፍ ሲያደርጉ ልጁ ይስቃል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ የሦስት ትውልድ ሰው አለቀሰላቸው።

ሰለሞን ዴሬሳ ከሌላኛው ወገን፣ ከገጣሚዎቹ ነው። በልጅነቱ ወለጋን ትቶ አዲስ አበባ ገባ፤ እዚያ ተማረ፤ ከዚያም ፈረንሳይ ሄደ። ፓሪስ ያኔ የአፍሪካ ተማሪዎችና ሠዓሊዎች መሰባሰቢያ ነበረች፤ ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም እዚያ ይሠራ ነበር፤ የሁለቱ ወዳጅነት ዘልቋል። ወደ አገሩ ሲመለስ ሬዲዮንና ቴሌቪዥንን የሙያ ቤቱ አደረገ፤ በእንግሊዝኛ ይታተም በነበረው አዲስ ሪፖርተር መጽሔትም ይጽፍ ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. ከገዳሙ አብርሃ ጋር ሆኖ በዚህ መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ ርዕሱ ወደ አማርኛ ቢመለስ «ባለ ሰረዙ ኢትዮጵያዊ» ሊባል ይችላል። የተማረውን ኢትዮጵያዊ አንድ እግሩን ፈረንጅ አገር፣ አንድ እግሩን አባቱ ቤት አድርጎ በመካከል የሚወዛወዝ ፍጡር አድርጎ ይስለዋል። ጽሑፉ እስከዛሬ በምሁራን ይጠቀሳል፤ የሚያስቅም የሚያቆስልም ነው። ጸሐፊዎቹ ራሳቸውም ከዚሁ ወገን መሆናቸውን ማንም አልሳተውም።

በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት» የተሰኘ የግጥም መድበሉ ወጣ። ቤት መምታትን፣ የታወቀውን የስንኝ ልክ ትቶ ሐሳብ በሄደበት የሚሄድ ግጥም ነው። ይህ አካሄዱና በመቅድሙ ላይ ያስቀመጠው ሙግት ከየአቅጣጫው ክርክር አስነሣ። አንዳንዱ «ግጥም አይደለም» አለ፤ አንዳንዱ «አማርኛ አዲስ ልብስ ለበሰ» አለ። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ ነገር ብቻ ይጨምራል፤ የሰለሞንን ግጥም ለሚያነብ ሰው ከአንድ ምስል ወደ ሌላው ያለ መሸጋገሪያ መዝለሉ እንግዳ የሚሆንበት በወረቀት ላይ ብቻ ነው። መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ይህ የየዕለት ሥራ ነው።

በሰለሞን የቴሌቪዥን ዘመን ወለጋ ምን ታደርግ ነበር? ታዳምጥና ታነብ ነበር። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ነቀምቴ በጽሑፍ ጉዳይ ማንንም የምትጠብቅ ከተማ አልነበረችም። አናሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በ1899 እ.ኤ.አ. የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስን ለኅትመት ካበቁ በኋላ በ1904 እ.ኤ.አ. ወደ ወለጋ መጥተው ነቀምቴ ላይ አስተምረዋል። አናሲሞስ በ1931 እ.ኤ.አ. እዚያው አረፉ፤ አስቴር ደግሞ በ1964 እ.ኤ.አ.፣ የአዲስ አበባው ቴሌቪዥን በተከፈተበት ዓመት፣ ዐረፉ። በዚህ ላይ የካቲት 1955 ዓ.ም. ላይ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አዲስ አበባ ውስጥ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮን ከፈተ። መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሥር በሰደደችበት በወለጋ ይህ ጣቢያ ብዙ ጆሮ ነበረው። ባትሪ ድንጋይ የሚበላ ትራንዚስተር ያለው ሰው ጎረቤቱን ሰብስቦ ይሰማል። ምስል የሚባለው ነገር ግን አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው የሚያወራው ወሬ ነበር፤ «በሳጥን ውስጥ ሰው ይናገራል» ሲል ልጆች ይስቁበታል፤ ሽማግሌዎች ደግሞ ዝም ብለው ያዩታል።

ቴሌቪዥን ያ ሁሉ ርቀት ሳለበትም አገር የሚነካ ኃይል እንዳለው የታየው በአንድ ማታ ነው። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ ቀርፆ «ያልታወቀው ረሃብ» የሚል ፊልም ሠርቶ ነበር፤ ፊልሙ በእንግሊዝ አገር የታየው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው። አገር ቤት ግን አልታየም። የደርግ መኮንኖች ይህን ፊልም ወስደው አስቆረጡት፤ በሚሞቱት ሰዎች ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣ፣ ሻምፓኝ፣ ለውሾች የሚወረወር ሥጋ አስገቡበት። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ተላለፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱም እንዲያዩት ተነገራቸው። በማግስቱ፣ መስከረም 2፣ ከዙፋን ወረዱ።

ያ ቅንብር ጣቢያው በመጀመሪያው አሥር ዓመት ካቀረበው ሁሉ በላይ ኃይለኛ ሥራ ነው፤ የቆረጠውና የቀጠለው ሰው ስም ግን በስክሪኑ ላይ አልተጻፈም። የሁለት ምስሎች መጋጠም ያደረገውን ማንም ንግግር አላደረገውም። ስቱዋርት በፈረንጆች 1928 ፊትና እጅን እያጋጠመ አንድ ሰው እንዳስመሰለ ሁሉ፣ እዚህ ደግሞ ረሃብና ግብዣ ተጋጥመው አንድ ክስ ሆኑ። ትክክለኛ ክስ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ረሃቡ እውነት ነው፤ ግብዣውም እውነት ነው፤ በአንድ ቀን የሆኑ ያህል መቅረባቸው የቅንብሩ ሥራ ነው። ወለጋ ይህን ማታ አላየችውም። የሰማችው በማግስቱ በሬዲዮ፣ ከነውሳኔው ነው።

ከአብዮቱ በኋላ ብዙ ነገር ተቀያየረ። ብሥራተ ወንጌል በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ሆነ። ሰለሞን ወደ አሜሪካ አቀና፤ ሚኒሶታ ውስጥ መኖሪያውን አደረገ። ቴሌቪዥኑ በበኩሉ ከአዲስ አበባ ወጥቶ በማይክሮዌቭ ማሻገሪያ ጣቢያዎች ወደ ክፍላተ ሀገር መዝለቅ ጀመረ። የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል በመስከረም 1977 ዓ.ም. ሲከበር ስርጭቱ ባለ ቀለም ሆነ። እንደገና በዓል፤ መንግሥቱ ቢቀየርም ነገርን ለበዓል የማድረስ ልማዱ አልተቀየረም።

ስክሪኑ ወደ ወለጋ ከተሞች የገባው እንደ ሌላው ክፍለ ሀገር በዝግታ ነው። መጀመሪያ መሥሪያ ቤትና ቀበሌ አዳራሽ፣ ቀጥሎ ነጋዴና መምህር ቤት። እንደ ጉቴ ባሉ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባሉ ትንንሽ ከተሞች ደግሞ ጉዳዩ የቴሌቪዥን ብቻ አልነበረም፤ የመብራት ጉዳይ ነበር። ዛሬ የዋዩ ጡቃ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ጉቴን የመሰሉ ከተሞች ኤሌክትሪክ በመስመር እስኪደርሳቸው ድረስ ትንሿ ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን በመኪና ባትሪ ትሠራ ነበር። አንቴናው ረጅም የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ይታሰራል፤ አንድ ልጅ ውጭ ቆሞ እንጨቱን ያዞራል፤ ውስጥ ያሉት «መጣ! ተወው! አለፈ!» ይሉታል። ሌላ ቦታ ዳይሬክተር ምስል ሲመርጥ እዚህ ደግሞ ልጁ ምስሉን ራሱን ያመጣል። በኋላ ቪዲዮ ቤቶች ሲከፈቱ የሳንቲም ዋጋ የከፈለ ሁሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድሮ የህንድና የቻይና ፊልም ያያል፤ የአማርኛ ድራማ የሚናፈቅበት ቀንም ነበር።

ቋንቋው ሌላ ታሪክ ነው። በሰለሞን የቴሌቪዥን ዘመን ኦሮምኛ በዚያ ስክሪን ላይ አልነበረም። ኦሮምኛ በሚነገርበት መንደር የተወለደው ሰው ሙያውን የሠራውና ግጥሙን የጻፈው በአማርኛ ነው፤ አማርኛውንም ከማንም በማያንስ ድፍረት አንቀሳቅሶታል። «ለምን በአፍ መፍቻ ቋንቋህ አልሆነም?» የሚለውን ጥያቄ ዘመኑ ጭራሽ አላቀረበም፤ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ለኦሮምኛ የተመደበ ሰዓት አልነበረም። ሁለተኛ የግጥም መድበሉ «ዘበት እልፊቱ ወለሎታት» በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሲታተም በቴሌቪዥን ኦሮምኛ መስማት አዲስ ነገር መሆኑ ቀርቶ ነበር፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በኦሮምኛ ማሠራጨት ጀምሯል፤ በኋላም የኦሮሚያ ጣቢያ መቀመጫውን አዳማ አድርጎ ተቋቁሟል።

ሰለሞን ቀሪ ዕድሜውን የኖረባት ሚኒያፖሊስ ከኢትዮጵያ ውጭ እጅግ ብዙ ኦሮሞዎች ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። በየካቲት 2006 ዓ.ም. የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ የተባለው ጣቢያ ስርጭቱን የጀመረው ከዚያች ከተማ ነው። ፕሮግራሙ በሳተላይት አትላንቲክን ተሻግሮ ወለጋ ጣራ ላይ በተተከለ ዲሽ ይወርድ ነበር። መንግሥት በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ባወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መመሪያ ይህን ጣቢያና ኢሳት የተባለውን ሌላ ጣቢያ ማየት ከለከለ። ሰለሞን ዴሬሳ በ2010 ዓ.ም. በ80 ዓመቱ እዚያው ሚኒያፖሊስ አረፈ፤ ዕገዳው የተነሣው ደግሞ በዚያው ዓመት የመንግሥት ለውጥ ከመጣ በኋላ ነው።